ንጋት ያጣ መርዶ

ልጄ መድረክ ላይ ብቻዋን የምትጫወተውን ቴአትር አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እንዳያዩት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቴአትሩ ያስቃል ይባል ነበር። ወደ ማርስ ጭነት ስለሚያመላልስ የድሬዳዋ ሾፌር ነው። እኔ ግን ከሳቁ ስር ያለውን አውቅ ነበር። ከስሩ የወንዱ ልጄ ሞት ነበር፤ አማቴ ደግሞ የልጅ ልጃቸው መሞቱን አልሰሙም። በእኛ ቤት ወሬ እሱ ጅቡቲ ነበር የሚኖረው።

ወንዱ ልጄ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ጭኖ ይመጣና መልካ ጀብዱ ያራግፋል። ሲጨርስ ሰፈራችን ጫፍ አስፋልቱ ዳር መኪናውን ያቆምና ጥሩምባውን አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር አድርጎ ይነፋል። ያን ስሰማ የልብስ ስፌት መኪናዬን ትቼ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ፤ የሚታጠብበትን ውሃ ባልዲ ላይ እቀዳለሁ። አንድ ቀን ከደወሌ ወዲህ ባለው በረሃ መኪናው ተገለበጠ። አምጥተን እዚሁ ቀበርነው።

ያን ጊዜ አማቴ አዲስ አበባ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ገና በፋሻ ነበሩ። ሐኪሙ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ አቧራና ጭስ እንዳያገኛቸው ብሎ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ተያዩ። ጭስ ከከለከለ ለቅሶማ እንዴት ይሆናል፣ ዓይናቸው ይፈሳል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። የባለቤቴን መርዶ የነገርናቸው ጊዜ ትዝ አለኝ፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ነበር፣ ከወደቁበት አንስተን አልጋ ላይ ካስተኛናቸው በኋላ እስኪነሱ ክረምቱ አልፎ ነበር። በሱ ምትክ የያዙት ይሄንኑ የልጅ ልጃቸውን ነው።

ዓይናቸው ዳነና ወደ ድሬ ተመለሱ። መርዶ እንግዲህ በጠዋት ነው፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌ ባለበት። ጠዋት ግን ጠፋ። መጀመሪያ ጾም ገባ፤ በጾም ሰውነታቸው አይችልም ተባለ። ጾሙ ሲፈታ በዓል ሆነ፤ በዓል አይበላሽባቸው ተባለ። ከበዓሉ በኋላ ደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ከዚያ ሙቀቱ መጣና፣ በዚህ ሙቀት መርዶ ሰው ይገድላል አሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ተቀምጠን ሙቀቱ እስኪያልፍ ጠበቅን።

እኔ እንግዲህ ጥንቃቄ የምወድ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ ተመልሼ ቁልፉን ካልነካሁ፣ የከሰሉን እሳት ካላየሁ ልቤ አያርፍም። ውሸቱንም እንደዚያው ጠበቅኩት። ጥቁር ልብሴን አማቴ ሊመጡ ሲሉ አወለቅኩ። ባለ አበባ ድሪያ ቀሚስ ለበስኩ፤ ከድሪያው ስር ግን የሰፋሁትን ጥቁር የውስጥ ልብስ አደረግኩ። ቀፊራ ገበያ ወርጄ ቴምርና ሽርጥ እገዛና፣ ልጅዎ በሾፌር ልኮልዎታል ብዬ እሰጣቸዋለሁ። ሽርጡን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ቴምሩንም በቆርቆሮ ጣሳ ያደርጉና፣ በኋላ እበላዋለሁ ይሉኛል።

ተዝካሩን ሦስት ቤት አልፈን ጎረቤት ቤት ደገስን። አማቴን ጥለናቸው ብንሄድ ይጠረጥራሉ ብለን ወሰድናቸው። በልጅ ልጃቸው ተዝካር ላይ ተቀምጠው በሉ። ወጡን አመሰገኑ። ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ሾፌር ነበር አልናቸው። እሳቸውም፣ «ነፍሱን ይማርልን፣ የሾፌር እናት መሆን ከባድ ነው» አሉና ወደ እኔ ሳያዩ ውሃ ጠየቁ። ውሃውን እስከ አፉ ሞልቼ ቀዳሁላቸው።

የግድግዳ ተጎራባቼ ሶማሌ ናት፤ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ደግ ናት፣ ግን መጠን አታውቅም። ደህና ነው ብቻ በይ ብዬ አስጠንቅቄያት፣ አንድ ቀን አማቴ ስለሱ ሲጠይቋት፣ ወላሂ ጅቡቲ አይቼዋለሁ፣ ሚስት አግብቷል፣ ቀይ ናት፣ ረጅም ናት አለቻቸው። ለምን እንዲህ አደረግሽ ብላት፣ «አባዮ እህቴ፣ የእማማ ፊቷ ሲያዝን አየሁ፤ ምን ልስጣት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያልነበረች ምራት ገባች። አማቴ አንዳንዴ ስለ እሷ ይጠይቁኛል፤ ሩዝ ትወድ እንደሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ እንደሁ። እኔም እመልሳለሁ። ሳልወድ እየለመድኳት መጣሁ።

ከሁሉ የባሰው ስልኩ ነበር። አማቴ የልጁን ድምፅ ካልሰማሁ ብለው ምግብ ሲተዉ፣ ሴቷ ልጄ ጓሮ ወጥታ ከውሃው በርሜል ጀርባ ቁጢጥ አለችና በሌላ ስልክ ደወለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው መምሰል ትችላለች። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አማቴ ጆሮ አጠገብ ያዝኩላቸው።

«አቦ እማማ፣ እስካሁን ባል አላገኙም እንዴ?»

እሱ ነበር። ሁልጊዜ ሲመጣ የሚላቸው ይሄንን ነበር። ድምፁ ከነመጎርነኑ፣ ከነሳቁ። አማቴ፣ «አንተ ዱርዬ» አሉና ሳቁ፤ ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፤ መቆራረጡም የልጄ ሥራ ነበር፣ በአፏ። ስትመለስ ፊቷ በላብ ርሶ ነበር፤ ውሃ ጠጥታ ወደ መኝታዋ ገባች።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ትደውል ጀመር። መጀመሪያ አማቴ ሲጠይቁ ነበር። እየቆየ ግን ልጄን እኔው፣ እማማ ከፍቷቸዋልና ዛሬ ደውይላቸው እላት ጀመር። አማቴ ባልከፋቸው ቀን ጭምር። ስፌቱን ትቼ ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ። ከበርሜሉ ኋላ የሞተው ልጄ ይስቃል፤ እኔ የበሩን መዝጊያ ይዤ አዳምጣለሁ። ድምፁ ሲያልቅ ጓሮው ባዶ ይሆናል፤ ልጅቷ ብቻ አቧራዋን እያራገፈች ትመጣለች። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ለምን እሷ መጣች እላለሁ በልቤ፤ ከዚያ ደንግጬ አማትባለሁ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስላጣች ፎቶ ኮፒ ቤት ትውል ነበር። ማታ ማታ ከምድር ባቡር ሰፈር ልጆች ጋር ቴአትር ይለማመዳሉ። አንድ ከሰዓት መጣችና በወንድሟ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ብርማ ጨርቅ ስጪኝ አለችኝ። ከአደጋው በኋላ ዕቃውን በማዳበሪያ ነበር ያመጡልን፤ ሽርጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ ፔርሙስ፣ ሲቆም በፊት መስታወቱ ላይ ለፀሐይ የሚዘረጋው ያ ብር የሚመስል ነገር። አልጋዬ ስር ነበር የማስቀምጠው።

«ለምን?»

«የጠፈር ልብስ ልትሰፊልኝ» አለች።

ቴአትሩን ያኔ ነው የነገረችኝ። ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ሰው ማርስ ላይ ሰፍሯል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ግን አይበቅልለትም። ስለዚህ የድሬ ሾፌር እየጫነ ይወስድለታል። ስትነግረኝ እያሳቀችኝ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሾፌሩን በማን ድምፅ እንደምትጫወተው ጠየቅኳት። ወደ አልጋዬ አየች። ገባኝ።

እማማ ከሰሙ ይሞታሉ አልኳት። ሊሞቱ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው እንዴ አለችኝ። አየሽ እማዬ፣ ከዚህ ቴአትር በኋላ የሱን ድምፅ ዳግመኛ አላወጣም አለች።

«ለእማማ ማን ይደውላል ታዲያ?»

«ለእማማ ነው ወይስ ለአንቺ?»

መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጎንበስ አልኩ። ክሩ አልገባ አለኝ። እሷ ተቀበለችኝና አስገብታ መለሰችልኝ።

ልብሱን ሰፋሁላት። ጨርቁ ደረቅ ነው፣ መርፌ ሰበረብኝ። ሲታጠፍ ይንኮሻኮሻል፣ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ይመስላል። ጠርዙ ላይ የግሪስ አሻራ አገኘሁ፤ የአውራ ጣት ነው። በሳሙና ባሸው ይለቅ ነበር። ወደ ውስጥ አዙሬ በደረቷ በኩል እንዲውል አድርጌ ሰፋሁት። ለሷም አልነገርኳትም።

ቀኑ ሲቃረብ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። አማቴም ሰሙ። አዳራሹ ደረጃ አለው አልኳቸው። የድምፅ ማጉያው ደም ግፊት ያነሳል አልኳቸው። ቴአትሩ የጠፈር ነው፣ ለመንፈሳዊ ሰው አይሆንም አልኳቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሰፈሩ ሁሉ ሊሄድ ነው፤ የልጄን ልጅ እኔ ሳላያት? ሞቻለሁ እንዴ?» አሉኝ። በመጨረሻ እሑድ ዕለት ቴአትሩ ቀርቷል ብዬ ዋሸሁ፤ ተጎራባቼም ሻይ እያጠጣች ከቤት እንዳታስወጣቸው ተስማማን። «አባዮ አታስቢ፣ እማማን እኔ እይዛታለሁ» አለችኝ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነክቼ ወጣሁ።

ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ነፋስ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የለም። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ማራገቢያዎች ይዞራሉ፣ ሙቀቱን ግን ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ ነው የሚያዛውሩት። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሞልተዋል። በሩ አጠገብ ያለውን ያዝኩ። መብራቱ ጠፋ።

ልጄ በብርማው ልብስ ወጣች። መድረኩ ላይ ያለው አንድ ወንበርና አንድ የመኪና መሪ ብቻ ነው። መጀመሪያ የጠፈር መንኮራኩሯን ዞራ ጎማውን በእግሯ መታ መታ አደረገች። መንኮራኩር ጎማ የለውም፤ ሾፌር ግን ጎማ ሳይመታ አይነሳም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ተቀመጠች፣ ሞተሩን በአፏ አስነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ እና እሱ ወጣ። መጎርነኑ፣ አቦ ማለቱ። ልብሷ መብራቱ ሲያርፍበት ያበራል፤ ፊቷ አይታይም። ወንበሩ ላይ ወንዱ ልጄ ነበር የተቀመጠው። ድሪያዬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

በጉዞው መሃል ኬላ አለ። ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላ ኮከብ ገመድ ተወጥሯል፤ ጃንጥላ ስር አንድ ሰውዬ ጫቱን እየቃመ ተቀምጧል። ምን ጭነሃል ይለዋል። ሽንኩርት ነው። ከሽንኩርቱ ስርስ? ከሽንኩርቱ ስር ሰማይ ነው ወንድሜ፣ ሌላ ምን ይኖራል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ሰማዩን ይፈትሻል። ሰዎች ከወንበራቸው እየተንሸራተቱ ይስቁ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከፊት ረድፍ የማውቀውን ሳቅ የሰማሁት። አማቴ ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ተጎራባቼ አጠገብ ተቀምጠዋል። እሷ ዞር ብላ አየችኝና እጆቿን ዘረጋች፤ በኋላ ስጠይቃት ባጃጁን የጠሩት ራሳቸው እንደሆኑ ነገረችኝ።

ልነሳ አልኩ። ተነስቼ ምን አደርጋለሁ? በጨለማ ጎትቼ ላወጣቸው ነው? ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ መድረኩን ትቼ የነጠላቸውን ጀርባ ነው ያየሁት።

መንኮራኩሩ ውስጥ የሚናገር ማሽን አለ። በሴት ድምፅ፣ በጣም ትሁት ነው፣ ሾፌሩን እርስዎ ይለዋል። ይህ ማሽን ከድሬ ትእዛዝ ደርሶታል፤ ሞት አለና ለሾፌሩ ንገረው ተብሏል። እንደ ወጉ ግን በጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ። ጠፈር ላይ ጠዋት የለም። ወይም ደግሞ ሁሌ ጠዋት ነው፤ ሾፌሩ ሻዩን አማስሎ ሳይጨርስ ፀሐይ ወጥታ ትጠልቃለች። በመስኮቱ ላይ ሽማግሌዎች ይታያሉ፤ ልጄ ጋቢ ጣል አድርጋ እነሱን ትሆናለች። ነጋ ብለው ይነሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እግዚአብሔር የፈቀደው ሲሉ ይመሻል። ይቀመጣሉ። ነጋ። ይነሳሉ። ይመሻል። አሁንስ እህል ቀምሷል ይላሉ፤ ነገ ይሁን። ነገ ወዲያው ይመጣል። አዳራሹ እንባውን እየጠረገ ይስቃል። እኔ ግን ጾሙን፣ በዓሉን፣ ደም ግፊቱን፣ ሙቀቱን አየሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ሆና ስታየን ነበር ለካ።

በመጨረሻ ሾፌሩ ደከመው። አንድ ነገር ደብቃችሁኛል አለ።

«ማነው የሞተው? እናቴ ናት?»

«እናትዎ ደህና ናቸው» ይላል ማሽኑ።

«አያቴ?»

«ደህና ናቸው። ባል ግን እስካሁን አላገኙም።»

ሰው ሳቀ። የአማቴ ጀርባ አልተነቃነቀም።

«እህቴ?»

«ደህና ናት።»

ሾፌሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ሳቀ። መሪውን በመዳፉ መታ። «አቦ፣ ታዲያ ሁሉም ደህና ከሆነ ማን ሞተ?»

ማሽኑ ዝም አለ። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ እያነሰ ሄዶ ጠፋ፤ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ቀረ። ሾፌሩ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ደረቱን፣ እኔ የሰፋሁትን፣ አሻራው ያለበትን ቦታ ነካ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለምን ነው ታዲያ እስካሁን የምነዳው አለ።

ማሽኑ መለሰ። «ለቤትዎ መርዶዎ አልተነገረም። ለቤቱ ያልተነገረለት ሾፌር መኪናውን አያቆምም።»

ከዚያ ልጄ ጥሩምባውን በአፏ ነፋችው። አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር። እግሬ ሳላዘው ተነሳ። በሩን ልከፍት ነበር። የአዳራሹን በር እጀታ ጨብጬ ቆሜ ነበር አማቴ ሲናገሩ የሰማሁት። አልጮኹም። ከወንበራቸው ሆነው፣ ቤት ውስጥ እንደሚናገሩት፣ ወደ መድረኩ ነው የተናገሩት።

«አቁመው ልጄ። አሁን ይበቃሃል።»

ልጄ እንዲህ ያለ ነገር በቴአትሩ ውስጥ አልነበራትም። ማን እንደተናገረ አውቃለች። ከዚያ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ክርርር አለ በአፏ። ሞተሩን አጠፋች። መብራቱ ጠፋ።

በባጃጅ ተመለስን፤ አማቴ በመሃላችን፣ ልጄ ፊቷን ሳትታጠብ። ተጎራባቼ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ዞር ብላ አላየችንም። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ አማቴ ባጃጁ ቀስ እንዲል ጠየቁ። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ያንን እያዩ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ነገ ጠዋት ሰው ጥሪልኝ» አሉኝ። «እንደ ወጉ ይሁን። መርዶ ያልተነገረው ሰው እንዴት ያለቅሳል?»

መቼ እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌው መጡ፤ ከድንኳኑ ጊዜ ጀምሮ ነገ ይሁን ሲሉ የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ተጎራባቼ፣ ልጄ። ድሪያዬን አውልቄ ጥቁሩን ለብሼ ነበር። አማቴ ቀድመውን ተነስተዋል። ፊታቸውን ታጥበው፣ ጸጉራቸውን አስረው፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ስንገባ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀና አሉ።

«ምነው በጠዋቱ? በደህና ነው?»

ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እግዚአብሔር የፈቀደው አሉና ቆሙ። አንዷ ሴት ሳትወድ ሳቅ አመለጣት፤ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ሽማግሌው ግራ ገባቸው፣ ደግመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አማቴ እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው።

«አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

ያን ቃል በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር። በለቅሶው ጊዜ ሌላ ሰው ነው የተናገረው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የእኔ ሥራ መደበቅ ነበር። ብናገረው ከቤቴ ለዘለዓለም ይወጣል። ከበርሜሉ ጀርባ ማንም አይስቅም። አማቴ ጠበቁኝ። በመስኮቱ ብርሃኑ እየገባ ነበር፤ አልመሸም።

«ልጃችን ሞቶብናል እማማ» አልኳቸው።

ደረታቸውን መቱ። እኔም አጠገባቸው ወደቅኩ። ያን ያህል ጊዜ የት እንደነበረ የማላውቀው ለቅሶ ወጣ። አማቴ እያለቀሱ ሙሾ አወረዱ፤ በሙሾው መሃል ማርስን አስገቡት፣ የሽንኩርቱን ጭነት፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ የተወጠረውን ገመድ። ሴቶቹ እያለቀሱ መሳቅ መጣባቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጨመሩ።

ሲበርድልን አማቴ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ያቺን የጅቡቲ ሚስቱንስ ምን እናድርጋት?» ብለው ጠየቁ። ተጎራባቼ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። አልነበረችም እማማ፣ ይቅር በይኝ አለች።

«እንግዲያው ለሷም ነፍስ ይማር» አሉ አማቴ።

ከዚያ ተነስተው የቆርቆሮውን ጣሳ አመጡ። ለለቀስተኛው ቴምር አቀረቡ። ከጅቡቲ መጣ ብዬ የሰጠኋቸው ሁሉ ነበር፤ አንድም አልተነካም፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሰዎቹ እየተቸገሩ አላመጡት። እኔም አንዱን አፌ ውስጥ አድርጌ፣ ሳላላምጠው፣ እስኪለሰልስ ብዙ ያዝኩት።

በማግሥቱ ወደ መቃብሩ ወሰድናቸው። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «እስካሁን አላገባሁም» አሉት።

ልጄ ቃሏን ጠብቃለች። ቴአትሩን አሁንም ትጫወታለች፤ የሾፌሩን ድምፅ ግን ቀይራዋለች፣ ሰው አላስተዋለም፣ ሳቁም አልቀነሰም። መጨረሻውን አማቴ እንደሰጧት አድርጋዋለች፤ ፍሬን ትስብና ሞተር ታጠፋለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ አያለሁ። ቤት ውስጥ ጓሮው ባዶ ነው። በርሜሉን ቦታውን አዛውረነዋል።

ጠዋት ጠዋት ስፌት ላይ ሆኜ ከአስፋልቱ በኩል የተሳቢ ጥሩምባ ይሰማኛል። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ አጭር። አንድ ጊዜ አንዱ ሁለቱንም አከታትሎ ነፋ፤ እግሬ ከፔዳሉ ላይ ተነሳ። ቀና ብዬ በሩን አየሁት። አማቴም ከወዲያኛው ክፍል ሰምተዋል፤ አልጋቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። መኪናው እስኪያልፍ ቆየሁና ስፌቴን ቀጠልኩ።